ለማኅበራዊ ፍትሕ የደከሙትን ስለ ማክበር
(ከሞንትጎመሪ አድማ የተወሰደ ምሳሌ)

ለሕዝብ መብት የደከመ ሰው መከበሩ የተገባ ነው። ነገር ግን ሐውልትም ሆነ ኒሻን የአንዱን ስም ከፍ ሲያደርግ የሌላውን ይሸፍናል። በዚህ አጭር ጽሑፍ ልንመረምረው ያሰብነው ይህንኑ ነው። ለምሳሌ የመረጥነው በአሜሪካ በአላባማ ክፍለ ግዛት፥ በሞንትጎመሪ ከተማ የተደረገውን የአውቶቡስ አድማ ነው፤ የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ዲሴምበር 1 ቀን 1955 ወይዘሮ ሮዛ ፓርክስ መቀመጫቸውን ለነጭ ተሳፋሪ አልለቅም በማለታቸው ተያዙ። ከአራት ቀን በኋላ የከተማው ጥቁሮች በአውቶቡስ መሳፈር አቆሙ፤ 381 ቀንም በእግራቸውና በኅብረት ባዘጋጁት መኪና ተመላለሱ። በ1956 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ በአውቶቡስ ውስጥ ዘር መለየት ሕገ መንግሥቱን የሚፃረር መሆኑን አጸና።

ክብሩ ከዚያ በኋላ መጣ። ዶክተር ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1964 የኖቤልን የሰላም ሽልማት ተቀበሉ፤ በ1983 በወጣ ሕግም የልደታቸው መታሰቢያ ብሔራዊ በዓል ሆነ። የወይዘሮ ፓርክስ ሐውልት በ2013 በአገሪቱ ምክር ቤት ሕንፃ ቆመ። ይህ ሁሉ የሚገባቸው መሆኑን አንክድም። የምንነቅፈው ክብሩን ሳይሆን ክብሩ የሚነግረንን ታሪክ ነው።

በተለምዶ የሚነገረው ታሪክ፥ አንዲት የደከመች ሴት ድንገት እንቢ አለች፥ አንድ ታላቅ ተናጋሪም ሕዝቡን አነሣሣ የሚል ነው። እውነቱ ግን ሌላ ነው። ወይዘሮ ፓርክስ ከ1943 ጀምሮ ለመብት በሚታገል ማኅበር ጸሓፊነት የሠሩ ነበሩ፤ የደከመ እግር ተረቱንም ራሳቸው በሕይወት ታሪካቸው አስተባብለዋል። አድማውም ቢሆን ድንገተኛ አልነበረም። የሴቶች የፖለቲካ ምክር ቤት መሪና የኮሌጅ የእንግሊዝኛ መምህርት የነበሩት ወይዘሮ ጆ አን ሮቢንሰን አድማ ሊነሣ እንደሚችል ለከንቲባው በደብዳቤ ያስጠነቀቁት በሜይ 1954 ነበር። ወይዘሮ ፓርክስ በተያዙበት ሌሊትም ከአንድ የሥራ ባልደረባቸውና ከሁለት ተማሪዎች ጋር በኮሌጁ የጽሑፍ ማባዣ መኪና በአሥር ሺሕ የሚቈጠር የጥሪ ወረቀት ሲያባዙ አደሩ።

ወጥ ቤት የነበሩት ወይዘሮ ጆርጂያ ጊልሞር ደግሞ ምግብ አዘጋጅተው እየሸጡ ለአድማው ገንዘብ የሚሰበስቡ ሴቶችን አስተባበሩ። ከሥራ እንዳይባረሩ ስማቸው መሰወር ነበረበትና ማኅበራቸውን «ከየትም ያልመጣ ክበብ» አሉት። በመጨረሻ በፍርድ ቤት የረታው ክስም ቢሆን የአራት ሌሎች ሴቶች ነበር፤ ወይዘሮ ፓርክስ ከከሳሾቹ አልነበሩም። ከአራቱ አንዷ ክሎዴት ኮልቪን ከወይዘሮ ፓርክስ ዘጠኝ ወር ቀደም ብላ፥ በ15 ዓመቷ፥ አልነሣም ብላ የተያዘች ተማሪ ነበረች።

እንግዲህ ሺሕ ሰው በአንድ ድንጋይ ላይ አይቀረጽም፥ ትግልም የሚታወቅበት ፊት ያስፈልገዋል የሚል ይኖራል። ነገሩ ከፊል እውነት አለበት። ዶክተር ኪንግ ግን የሽልማቱን ገንዘብ ለንቅናቄው በመስጠታቸው ሽልማቱ የማን እንደ ሆነ አሳይተዋል። ሞንትጎመሪም በ2019 የወይዘሮ ፓርክስን ሐውልት ስታቆም ለአራቱ ከሳሾች የመታሰቢያ ድንጋይ አኑራለች። ስለዚህ ማረም የሚቻል ነገር ነው።

አባቶቻችን «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ብለዋል። እኛ ግን አንበሳው ከታሰረ በኋላ አንዱን ክር መርጠን እንሸልማለን። በእኛ አስተያየት ማናቸውም ክብር በሁለት ጥያቄ መመዘን አለበት፤ ማንን ተወ? ሥራው እንዴት እንደ ተሠራስ ያስተምራል ወይ? ጀግናን ብቻ የተማረ ወጣት ጀግና እስኪመጣ ይጠብቃል። ማባዣ መኪናውን ያዞሩትን ሁለት ተማሪዎች የሚያስብ ግን እርሱ ራሱ ዛሬ ማታ ምን ሊሠራ እንደሚችል ይጠይቃል። የእነዚያን ተማሪዎች ስም የሚያነሣ እምብዛም አይገኝም፤ ከሁሉ ይልቅ እኛን የሚመስሉት ግን እነርሱ ናቸው።