የሂሮሺማዋ መምህርት፤ ስለ ኖቡኮ ኦቶዋ ትወና

ጃፓናዊቷ ተዋናይት ኖቡኮ ኦቶዋ (1924–1994 እ.ኤ.አ.) ከታካራዙካ የሙዚቃ ቲያትር ወደ ሲኒማ ስትሻገር የፊልም ኩባንያዋ ያስተዋወቃት በጉንጮቿ ስርጉድ ነበር። እርሷ ግን ኩባንያውን ትታ በ1952 በካኔቶ ሺንዶ አዘጋጅነት «የሂሮሺማ ልጆች» በተባለው ፊልም ተጫወተች። በፊልሙ መምህርት ናት፤ ከአቶሚክ ቦምቡ የተረፉትን የመዋዕለ ሕፃናት ተማሪዎቿን ቤት ለቤት ትፈልጋለች።

ፊልሙን ያሠራው የጃፓን መምህራን ማኅበር ግን አልረካም፤ ፖለቲካዊውን ጥያቄ ዘሎ ማስለቀስ ላይ አተኩሯል ሲል ነቀፈው። በከፊል እንስማማለን፤ ታሪኩ አልፎ አልፎ እንባ ይለምናል። የኦቶዋ ትወና ግን አይለምንም። አባቱ በማጣጣር ላይ ካለ ልጅ ቤት ስትገባም ሆነ የታመመችውን ልጅ ስትጠይቅ ትንሽ ተናግራ ብዙ ታዳምጣለች። ልጆቹን አንድ በአንድ ስትፈልግ ምን ያህሉ እንደ ጎደሉ ይገባናል። በእኛ አስተያየት ማኅበሩ ያጣው ክስ ያለው እዚሁ ላይ ነው።

በ1960 ንግግር አልባ በሆነው «ራቁቷ ደሴት» ውኃ ተሸክማ ዳገት ስትወጣ፣ በ1983ም በቴሌቪዥን አሮጊቷን ኦሺን ስትሆን ይህንኑ ቁጥብነት እናያለን።

የድራማ ክበብ የምትመሩ መምህራን፣ ለተማሪዎቻችሁ የአዳማጭ ሚና ሰጥታችሁ ሞክሩ።