«መላ ሰውነቴን ያመኛል»፦ ስለ ፋይብሮማያልጂያ መለያ ደንብ የቀረበ ሒስ

ሒስ የሚጻፈው ስለ ልብ ወለድና ስለ ግጥም ብቻ የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኛ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምር ያሰብነው ግን የሐኪሞችን ደንብ ነው። ደንቡ ፋይብሮማያልጂያ የሚባለውን ሕመም ከሌላው ለመለየት የተጻፈ ሲሆን፥ የአሜሪካ የሩማቶሎጂ ኮሌጅ በ1990 አውጥቶት በ2010 ሌላ አማራጭ ደንብ አቀረበ፤ በ2016 ደግሞ የደንቡ ዋና ጸሐፊ ፍሬደሪክ ዎልፍና የሥራ ጓደኞቹ አሻሻሉት (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው)። ይህ ሕመም መኖሩ የሚፈረደው በደም ወይም በራጅ ሳይሆን በጥያቄና በመልስ ስለ ሆነ፥ ደንቡን እንደ መሣሪያ ብቻ ሳይሆን እንደ ጽሑፍ ማንበብ ይቻላል። ጽሑፍ ከሆነም ቃሉ በሌላ ቋንቋና በሌላ አገር ሲነበብ ምን እንደሚሆን መጠየቅ ተገቢ ነው። እኛም በዋግ ኽምራ ከደሃና ወረዳ ከተማ ከአምደወርቅ አነጋገር ጋር እያስተያየን ልናነበው ሞክረናል።

በመጀመሪያ ሕመሙ ምን እንደ ሆነ እንናገር። በሽተኛው ከሦስት ወር በላይ፥ ብዙ ጊዜም ለዓመታት፥ ከላይም ከታችም፥ በቀኝም በግራም ያመዋል። ሌሊቱን ተኝቶ ቢያድርም ሲነሣ እንደ ደከመው ነው፤ ነገር ይጠፋበታል፥ የጀመረውን ይረሳል። መገጣጠሚያው ግን አያብጥም፤ ደሙ ሲመረመር ደኅና ነው፤ አጥንቱ በራጅ ሲታይም ደኅና ነው። ዛሬ ብዙዎች ሊቃውንት እንደሚሉት ጡንቻው ተጎድቶ አይደለም፤ የሕመምን ወሬ ተቀብለው የሚያደርሱት ነርቮች፥ ኅብለ ሰረሰርና አንጎል ትንሹን ነገር እያጎሉ ስለሚያሰሙ ነው። በልዩ ልዩ አገሮች ከተደረጉት ጥናቶች እንደሚገመተው ከመቶ ሰው ከ2 እስከ 4 የሚሆነው ይህ ሕመም አለበት፤ የሚበዙትም ሴቶች ናቸው።

ስሙም የራሱ ታሪክ አለው። በ1904 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ጎወርስ ስለ ወገብ ሕመም ሲያስተምር ጡንቻን የሚያያይዘው ሥጋ ይቈጣል ብሎ ስላሰበ «ፋይብሮሳይቲስ» አለው። ቍጣው ግን ተፈልጎ አልተገኘም። በ1976 ፊሊፕ ሄንች ስሙን «ፋይብሮማያልጂያ» ብሎ ለወጠው፤ የጅማትና የጡንቻ ሕመም ማለት ነው። እንግዲህ አዲሱ ስም ስለ ምክንያቱ አንዳች አይናገርም፤ ያመዋል ብሎ ዝም ይላል። አንዳንዶች ይህን እንደ ጉድለት ይቈጥሩታል፤ ለእኛ ግን የማያውቀውን አውቃለሁ ካለው ከፊተኛው ስም ይልቅ የታመነ ነው።

የ1990ው ደንብ ሐኪሙ 18 የተወሰኑ ቦታዎችን በአውራ ጣቱ 4 ኪሎ በሚያህል ኀይል እንዲጫን ያዛል። ከ18ቱ 11ዱ ካመሙና ሕመሙ በሰውነቱ ሁሉ ሦስት ወር ከቈየ፥ ሕመሙ ፋይብሮማያልጂያ ነው። የጫናው ልክ የሚታወቀው የሐኪሙ ጥፍር ሲነጣ ነው። ደንቡ በመሠረቱ ለምርምር የሚሆኑ ሰዎችን ለመምረጥ የተጻፈ ነበር፤ ነገር ግን ወዲያው የምርመራ ሕግ ሆነ። በዚህ ደንብ ውስጥ የሚታመነው የሐኪሙ አውራ ጣት ነው፤ የበሽተኛው ቃል ጣቱ እስኪመሰክርለት ድረስ ይጠረጠራል። 10 ቦታ ያመማት ሴት ጤነኛ፥ 11 ቦታ ያመማት ሴት በሽተኛ መሆንዋን የሚያስረዳ ምክንያት አልተሰጠም። ሴቶች ጫናው ከወንዶች ይልቅ ቶሎ ስለሚሰማቸው ወንዶች ታማሚዎች ከቍጥር ወጡ፤ ሕመሙም የሴቶች ብቻ መሰለ። በኋለኛው ደንብ ሲቈጠር በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ጠብቧል።

የ2010ው ጽሑፍ አውራ ጣቱን ትቶ መጠየቅ ጀመረ። ባለፉት 7 ቀናት ከ19 ቦታዎች የትኞቹ እንዳመሙ ይጠይቃል፦ ሁለቱ ትከሻ፥ ሁለቱ ክንድ ከላይና ከታች፥ ሁለቱ ዳሌ፥ ሁለቱ ጭንና ሁለቱ ባት፥ ሁለቱ መንጋጋ፥ አንገት፥ ደረት፥ ሆድ፥ የላይኛው ጀርባና ወገብ። ቀጥሎም ስለ ድካም፥ ስለማያሳርፍ እንቅልፍ፥ ስለ መርሳትና ስለ ሌሎች ምልክቶች ጠይቆ ከ0 እስከ 12 ነጥብ ይሰጣል። 7 ቦታና 5 ነጥብ ያገኘ ሰው ታማሚ ይባላል፤ ቦታው ሲያንስ ነጥቡ 9 መድረስ አለበት። የ2016ቱ ማሻሻያ ሰውነትን በአምስት ክፍል ከፍሎ ሕመሙ በአራቱ እንዲገኝ ይጠይቃል። ይህን ለማድረግ ወረቀትና እርሳስ፥ የሚጠይቅም ሰው ይበቃል። ለመገጣጠሚያና ለጡንቻ ሕመም ልዩ ትምህርት ያለው ሐኪም እጅግ ጥቂት በሆነበት አገራችን ከዚህ የረከሰ ምርመራ ከወዴት ይገኛል? ደንቡን የምንነቅፍ ብንሆንም ይህን መልካምነቱን ሳንናገር ማለፍ አንችልም።

ችግሩ የሚጀምረው ጥያቄው ወደ አማርኛ ሲመለስ ነው። አማርኛ ሕመምን የሚናገርበት ሰዋስው ከደንቡ ሰዋስው የተለየ ነው። «ያመኛል»፥ «ይቈረጥመኛል»፥ «ይወጋኛል»፥ «ይጠዘጥዘኛል»፥ «ይለበልበኛል» ስንል ታማሚው ተሳቢ ነው፤ የግሡ ባለቤት ሌላ ነው፥ ስሙም አልተነገረም። ቋንቋው የባለቤቱን ቦታ ባዶ ስለሚተወው ሰው ፈልጎ ይሞላዋል፦ «ብርድ መታኝ»፥ «ምች መታኝ»፥ «ዓይነ ጥላ ተጣባኝ»። በዋግ ደጋ ብርድ የአየሩም የሕመሙም ስም ነውና መልሱ ሩቅ አይደለም። ደንቡ ግን ማን መታህ አይልም፤ የት የት፥ ስንት ቀን፥ ምን ያህል ይላል። በመጨረሻም የሚሰጠው ስም መቺ የሌለው ነው። ሕመምሽ ፋይብሮማያልጂያ ነው የተባለች ሴት «እሱስ ከምን መጣብኝ?» ብላ ብትጠይቅ ያላወቀች አይምሰለን፤ ዓረፍተ ነገሩ ባለቤት አጥቶ ስለ ቀረባት ነው።

ይህ ክፍት ቦታ በባሕል ሐኪም ብቻ የሚሞላ አይደለም። በአገራችን በብዙ የጤና ተቋሞች ሰውነቴን ቈረጠመኝ ላለ ሰው የዊዳልና የዊል ፌሊክስ የደም ምርመራ ይታዘዝለታል፤ ውጤቱም «ታይፎይድ አለብሽ» ወይም «ታይፈስ አለብሽ» ይሆናል። ይህ ምርመራ ቀድሞ በያዘ በሽታ ምክንያት በጤነኛ ሰው ደም ላይም ሊታይ እንደሚችል፥ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጎም ማስረጃ እንደማይሆን ከታወቀ ብዙ ጊዜ ሆኖታል። ሆኖም መቺውን በስሙ ይጠራል፥ ወረቀትም አለው። ሴትዮዋ ኪኒንዋን ትውጣለች፤ ከወር በኋላ ተመልሳ ትመጣለች፤ ታይፎይዱም «አገረሸ» ይባላል። ቀጥሎ ጨጓራ፥ ቀጥሎ ኩላሊት፥ ቀጥሎ ሪህ፥ ቀጥሎ ነርቭ። በዚህ መካከል ዋግምት ታስነቅላለች፥ በወጌሻ ትታሻለች፥ ጸበል ትገባለች። ዓመታት ካለፉ በኋላ አንዱ «ምንም የለብሽም» ይላታል፤ ከሁሉም የሚያቈስለው ይህ ቃል ነው፥ የቤተ ሰዎችዋን ልብ ይለውጣልና።

(የሚታይ ማስረጃ የሌለውን ሕመም አለመቀበል የሐኪም ብቻ ጠባይ አይደለም። እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት የታመመ ተማሪ ከክፍል እንዲቀር የሚፈቀድለት ቴርሞሜትር ሲመሰክርለት ብቻ ነበር፤ ትኩሳት የሌለው ወገብ እንደ ስንፍና ይቈጠር ነበር።)

አሁን ወደ ርእሳችን ቃል እንመለስ። የት ያምሻል ሲባል የሚሰጠው መልስ «መላ ሰውነቴን» ነው። ጸሐፊው ይህን በካርዱ ላይ «አጠቃላይ የሰውነት ሕመም» ብሎ ይመዘግበዋል፤ ያም ቃል ከዚያ በኋላ ምንም አይወልድም። በሽተኛዋ ነገሩን ለይታ መናገር ያቃታት ይመስላል። ነገር ግን ደንቡ በ19 ቦታዎች ለማረጋገጥ የሚደክምበት ነገር፥ ሕመሙ በሰውነት ሁሉ መሆኑ፥ ከአፍዋ የወጣው የመጀመሪያ ቃል ነበር። እርግጥ «መላ ሰውነቴን» የወባ በሽተኛም ይላል፤ ስለዚህ ቦታውን አንድ በአንድ መጠየቅ አይቀርም። አጠያየቁ ግን የአገር ቋንቋ ይሁን። «ባለፉት ሰባት ቀናት» ከማለት «ካለፈው ገበያ ወዲህ» ማለት ይቀላል። «ድካም አለሽ?» ተብሎ እንስራ ስትሸከም የዋለችን ሴት መጠየቅ ከንቱ ነው፤ «ሳትሠሪ በዋልሽበት ቀንስ?» መባል አለበት። ስለ እንቅልፍም «ተኝተሽ ስትነሺ የተኛሽ ይመስልሻል?» ቢባል ወዲያው ይገባል። በዋግ ኽምራ አማርኛና ኽምጣና ጎን ለጎን ስለሚነገሩ፥ በኽምጣና የሚያስበውን ታማሚ በአማርኛ ጠይቆ በእንግሊዝኛ መመዝገብ ቃሉን ሦስት ጊዜ ማጣራት ነው፤ በየማጣሪያውም ጥቂት ይቀራል።

ስለ ዛር የጻፉትን የውጭ አገር ሊቃውንት በዚህ ዓይን ብናይ አንድ ነገር እናስተውላለን። ሚሼል ሌሪስ በጎንደር ያየውን በ1958 ባሳተመው መጽሐፉ የተውኔትነቱን መልክ በርእሱ ላይ አኖረው፤ በዚያው ዓመት ሳይመን መሲንግ የዛርን ማኅበር እንደ ኅብረት ሕክምና አድርጎ ተነተነ። ሁለቱም ሥራዎች ከፍ ያሉ ናቸው። ነገር ግን ዓይናቸው ያረፈው ሴትዮዋ ከማኅበሩ ከገባች በኋላ በምታደርገው ላይ ነው፤ እኛ ደግሞ ከመግባትዋ በፊት ወገብዋንና ማጅራትዋን ምን ይሰማት እንደ ነበር በዝርዝር ብናገኝ ደስ ባለን ነበር። በዛር የተያዙት ሁሉ ፋይብሮማያልጂያ ነበረባቸው ማለታችን አይደለም፤ ይህን ማለት አንዱን ስም ነቅሎ ሌላውን መትከል ነው።

በሌላ በኩል ስሙን ለመስጠት መቸኰልም አደገኛ ነው። የ2016ቱ ማሻሻያ ሌላ በሽታ መኖሩ ይህን ሕመም አያስቀርም ይላል። ይህ በሳይንስ እውነት ነው፤ ሆኖም ላቦራቶሪ በደከመበት ስፍራ ያለ ጥንቃቄ ቢወሰድ ሰው ይጎዳል። ከብትና ፍየል በሚረባበት፥ ወተት ሳይፈላ በሚጠጣበት አገር ብሩሴሎሲስ ሰውነትን ይቈረጥማል፤ የአከርካሪ ሳንባ ነቀርሳ ወገብን ይሰብራል፤ የዕንቅርት ሥራ ሲዳከም፥ ደም ሲያንስ ሰውነት ይዝላል። ያበጠ መገጣጠሚያ፥ የከሳ ገላ፥ የሌሊት ትኩሳት ካለ መጠይቁ ይቈይና እነዚህ ይፈተሹ።

ስለ ሕክምናው ብዙ አንልም። በ2017 የአውሮፓ የሩማቶሎጂ ማኅበር ባወጣው ምክር አጥብቆ ያዘዘው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም የሰውነት እንቅስቃሴ ነው። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ ለሚውል ሰው የተጻፈ ምክር መሆኑ ያስታውቃል። ውኃ ቀድታ፥ እንጨት ለቅማ ለምትመለስ የደሃና ሴት እንቅስቃሴ ጨምሪ ማለት መቀለድ ይመስላል። የምክሩ ፍሬ ግን ልኩን ሰው ራሱ እየመረጠ ቀስ በቀስ መጨመር ነው፤ እርስዋ የሌላት መንቀሳቀሱ ሳይሆን መምረጡ ነው። ስለዚህ ምክሩ ለእርስዋ ብቻ ሳይሆን እንስራውን ሊያግዝዋት ለሚችሉት ለባልዋና ለልጆችዋም መነገር አለበት። መድኃኒትን በተመለከተ በትንሽ መጠን የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን ለአንዳንዶች እንቅልፍን ያሻሽላል፤ ሲሰጥ ግን የሚታዘዘው ለሕመሙ መሆኑ ካልተነገራት «የአእምሮ በሽተኛ አደረጉኝ» ብላ ትጥለዋለች።

የጤና ኤክስቴንሽን ሥራ ከ2003 ጀምሮ ሴቶች ሠራተኞችን በየቀበሌው አሰማርቷል። እነርሱ የቤቱን ቋንቋና የጎረቤቱን ታሪክ ያውቃሉ፤ መጠይቁን በአገር ቃል ለመጠየቅ ከእነርሱ የቀረበ የለም። ከአምደወርቅ ወደ ሰቆጣው ተፈራ ኃይሉ መታሰቢያ ሆስፒታል በሚጻፈው የሪፈር ወረቀት ላይም «አጠቃላይ የሰውነት ሕመም» በሚለው ፈንታ ያመሙት ቦታዎች በየስማቸው፥ ሕመሙ የቈየበት ወር፥ የእንቅልፉ ሁኔታና እስከ ዛሬ የተዋጠው ኪኒን ሁሉ ቢዘረዘር፥ የሚቀበለው ሐኪም ሌላ የዊዳል ምርመራ ከማዘዙ በፊት የሚያነበው ነገር ያገኛል።