ከመሐል ሜዳ ዋሽንግተን ስንት ሰዓት ነው?

ከመንዝ፣ ከግሼና ከመርሐቤቴ ወደ ትኬት ቢሮ የሚመጡ እናቶችና አባቶች ከዋጋው ቀጥሎ የሚጠይቁኝ ይህንኑ ነው፦ «ልጆቼ ዘንድ ለመድረስ ስንት ሰዓት ይፈጃል?» ኮምፒውተሩ የሚነግረኝ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ዳለስ አየር ማረፊያ ያለውን ነው። እነሱ የሚጠይቁኝ ግን ከደጃቸው ጀምሮ ያለውን ነው። የትኬት ሠራተኛ ሙያው የሚለካው ይህን ሙሉ መልስ በመስጠቱ ነው ብዬ አምናለሁ።

ከአዲስ አበባ እስከ ዋሽንግተን ዳለስ አጭሩ የአየር መስመር 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ምድር ክብ ስለሆነች መስመሩ ወደ ምዕራብ በቀጥታ አይሄድም፤ ወደ ሰሜን ምዕራብ አቅንቶ ሰሃራን፣ ሜዲትራኒያንንና አውሮፓን አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ለሚበር አውሮፕላን 13 ሰዓት ያህል ነው።

መመለሻው በእርግጥም ሳያርፍ 13 ሰዓት አካባቢ ይፈጃል። መሄጃው ግን ብዙ ጊዜ ለነዳጅ እንደ ደብሊን ባለ ከተማ ስለሚታረፍ ወደ 17 ሰዓት ይደርሳል። ምክንያቱ ሁለት ነው። ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር ከፍ ይላል፤ አየሩ ስስ በመሆኑ የክንፉ የማንሳትም የሞተሩ የመግፋትም ኃይል ይቀንሳል፤ ሙሉ ተሳፋሪ፣ ሙሉ ጭነትና ለመንገዱ ሁሉ የሚበቃ ነዳጅ ይዞ መነሳት ያስቸግራል። ዳለስ ግን ቆላ ነው። ሁለተኛው፣ አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ብርቱ ነፋስ ሂያጁን ይገታል፣ ተመላሹን ይገፋል። ዳገት ላይ ሸክም እንዴት እንደሚከብድ ለሚያውቅ የመንዝ ሰው ይህን ማስረዳት አያስቸግርም።

ከመሐል ሜዳ እስከ ቦሌ በአየር ቢለካ 175 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ለዚያው አውሮፕላን ሩብ ሰዓት አይሞላም። በመኪና ግን ጣርማ በርንና ደብረ ብርሃንን ማለፍ አለ፤ ከመርሐቤቴዋ ዓለም ከተማ ለሚነሳ ደግሞ የጀማን ሸለቆ ወርዶ መውጣት። ስለዚህ «እማማ፣ አንድ ቀን ቀድመው አዲስ አበባ ገብተው ይደሩ» እላለሁ።

ከሁሉ የምጠነቀቀው ለሰዓቱ ነው። ትኬቱ ላይ «ዓርብ 00:30» የሚለው በእኛ አቆጣጠር ለዓርብ አጥቢያ ከሌሊቱ 6:30 ነው። ዓርብ ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ ሰው በረራው አምልጦታል። ስለዚህ ከትኬቱ ጋር «ሐሙስ ማታ በ3 ሰዓት ቦሌ ይገኙ» ብዬ በእጄ ጽፌ እሰጣለሁ። በፈረንጆች ክረምት ዋሽንግተን ከእኛ 8 ሰዓት ወደ ኋላ ስለሆነ፣ መነሻና መድረሻውን ብቻ የሚያቀናንስ ሰው የ17 ሰዓቱ ጉዞ 9 ሰዓት ይመስለዋል። የስኳር ወይም የደም ግፊት መድኃኒት በሰዓቱ ለሚወስዱ አዛውንት ይህ ልዩነት ቀላል አይደለም። ለመንገድ የሚይዙት መድኃኒት የሚቆጠረው በእውነተኛው ሰዓት ነው፤ ከሻንጣው ጋር እንዳይገባ፣ በእጅ ቦርሳ እንዲሆንም አሳስባለሁ።

እንግዲህ ለአንዲት የመሐል ሜዳ እናት የምሰጠው መልስ ይህ ነው፦ ረቡዕ ማለዳ ከመሐል ሜዳ ተነስተው፣ አዲስ አበባ አድረው፣ ለዓርብ አጥቢያ ከበረሩ ዓርብ ጠዋት በዋሽንግተን ሰዓት ይደርሳሉ። ጉዞው በጠቅላላው ሁለት ቀን ተኩል ያህል ነው፤ ስንቁም፣ መድኃኒቱም፣ የሚቀበላቸው ልጅም በዚሁ ልክ ይዘጋጅ።