መጋለጥ ወይስ ተጋላጭነት? በጥርስ ሕክምና ስላለው የጨረራ ክትትል ስያሜዎች

ሙያዊ ስያሜ የሚመዘነው በሁለት ነገር ነው፤ ለቋንቋው የቃል አመሠራረት ሥርዓት በመታዘዙና ፅንሰ ሐሳቡን ከጎረቤቱ ለይቶ በማሳየቱ። በእነዚህ ሚዛኖች፣ የጥርስ ራጅ በሚያነሡ ሠራተኞች ላይ የሚደርሰውን ጨረራ ለመከታተል የሚሠራባቸውን የአማርኛ ስያሜዎች እንመረምራለን። ሠራተኛው ራሱን የሚጠብቀው መመሪያውን በተረዳው ልክ ስለሆነ፣ የስያሜ ጉድለት የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

በመልካሙ እንጀምር። «ጨረር» ከፀሐይ የሚፈነጥቀውን ነገር ይሰይማል፤ «ጨረራ» ግን እንደ «ለቀማ»፣ «ከበባ»ና «ጠለፋ» የተቀረጸ በመሆኑ ድርጊቱን ያመለክታል። እ.ኤ.አ. በ1993 በኢትዮጵያ የተቋቋመው የጨረራ መከላከያ ባለሥልጣን በስሙ ስለተጠቀመበት ቃሉ ጸንቷል። ምርጫው የሚመሰገን ነው።

«መከላከያ» ግን ሥራንም ዕቃንም ስለሚሰይም በክሊኒክ ውስጥ ያደናግራል። የእርሳስ ሽርጥ በእርግጥ መከላከያ ነው። ሠራተኛው ደረቱ ላይ የሚያንጠለጥለው ባጅ ግን ምንም አይከላከልም። በውስጡ ያለው፣ ለምሳሌ የሊትየም ፍሎራይድ ክሪስታል፣ ከጨረራው ያገኘውን ኃይል አከማችቶ ይቆያል፤ በኋላ በላቦራቶሪ ሲሞቅ ብርሃን ይሰጣል፤ የሚለካውም ያ ብርሃን ነው። ንባቡ የሚደርሰው ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ ስለሆነ ባጁ በሰዓቱ አያስጠነቅቅም። ስለሆነም «የጨረራ መከላከያ ባጅ» ማለት ሠራተኛውን በሌለ ጋሻ ማስመካት ነው።

ሁለተኛው ጉድለት «ተጋላጭነት» ነው። ለወባ ተጋላጭ የሆነ ሰው ወባ የያዘው ሰው አይደለም፤ ሊይዘው የሚችል ነው። ባጁ የሚለካው ሊደርስ የሚችለውን ሳይሆን የደረሰውን ነው። ለዚህ ትክክለኛው ቃል «መጋለጥ» ነው። «ቁጥጥር»ም እንዲሁ ከቦታው ወጥቷል። ተቆጣጣሪ ጥፋት ፈላጊ ነው፤ ክትትል ግን ማንኛዋም እናት ከእርግዝና ክትትል የምታውቀው፣ ለተከታተሉት ሰው ጥቅም የሚደረግ ተግባር ነው። ባጁን የሰላይ ዓይን አድርጎ የሚያይ ሠራተኛ መሳቢያ ውስጥ ቢተወው አያስገርምም።

ከሁሉ የከበደው «መጠን» ነው። በአንድ ኪሎ ግራም አካል የተወሰደው ኃይል በግሬይ፣ የጉዳቱ ክብደት ታስቦ የተመዘነው ደግሞ በሲቨርት ይለካል። ዓለም አቀፉ የጨረራ ጥበቃ ኮሚሽን ለሠራተኛ ያስቀመጠው ጣሪያ፣ የ5 ዓመት አማካዩ ተወስዶ በዓመት 20 ሚሊሲቨርት ሲሆን፣ ለእጅ 500 ሚሊሲቨርት ነው። የተለካውም፣ የተፈቀደውም «መጠን» ከተባለ አንባቢው የቱን ከየቱ ይለያል? ከመድኃኒት ቤት የለመድነውን «ዶዝ» ለተለካው፣ «የዶዝ ወሰን»ን ለጣሪያው ብንሰጥ ልዩነቱ ይጠራል። ወሰን ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ጉዳት የለውም ማለት ስላልሆነ፣ «አስተማማኝ መጠን» የሚለው ፍቺ ሊቀር ይገባል።

«ዶዝ ባዕድ ነው» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። ነገር ግን «ራጅ»ም ከጣሊያንኛ መጥቶ ከሕዝቡ አፍ ገብቷል። የባዕድ ቃል ጥፋቱ ባዕድነቱ ሳይሆን የማይለይ ሲሆን ነው፤ ይህ ደግሞ በአገሩ ቃልም ይደርሳል።

ስለ እጅ የተለየ ወሰን መቀመጡም ለስያሜ ሥራ ትምህርት አለው። የኒው ኦርሊንሱ የጥርስ ሐኪም ኤድመንድ ኬልስ ራጅን በሥራው ካዋሉት ቀደምት ሐኪሞች አንዱ ነበር፤ ጣቶቹን፣ ቀጥሎም ክንዱን አጥቶ እ.ኤ.አ. በ1928 ሞተ። ኮሚሽኑ የተመሠረተውም በዚያው ዓመት ነው። ፊልሙን በታካሚው አፍ ውስጥ በጣቱ ደግፎ የሚይዝ ሠራተኛ ደረቱ ላይ ያለው ባጅ የእጁን ጉዳት አይነግረውም። ስለዚህ «ዶዝ» ብቻውን አይበቃም፤ «የእጅ ዶዝ»፣ «የዓይን ሌንስ ዶዝ»፣ «የመላ አካል ዶዝ» እየተባለ መለየት አለበት።

ለተርጓሚዎች የምናቀርበው ሐሳብ እንግዲህ አጭር ነው፤ «የመጋለጥ ክትትል»፣ «ዶዝ»፣ «የዶዝ ወሰን»፣ «የዶዝ መለኪያ ባጅ»። «መከላከያ» ለሽርጡና ለግድግዳው ይቆይ።