የውጫሌ ውል ጥንታዊ ኅትመቶችና የሰብሳቢዎች ሚዛን

ከሐይቅ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ፣ በአምባሰል ምድር የምትገኘው ውጫሌ በዓለም ታሪክ ስሟ የተነሣው፣ ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. ዳግማዊ ምኒልክና የኢጣልያው መልእክተኛ ኮንት ፒየትሮ አንቶኔሊ በተዋዋሉት ውል ነው። የዚህን ውል ጥንታዊ ኅትመት የሚሹ ሰብሳቢዎች ቀድሞ የታተመው ይበልጣል የሚለውን ሚዛን ይከተላሉ። ሚዛኑ በአማርኛ ተጽፎ በአማርኛ ለታወጀው ለ1923ቱ ሕገ መንግሥት ይበጅ ይሆናል፤ ለውጫሌ ግን ያሳስታል።

ውሉ 20 አንቀጽ ያለው ሆኖ በሁለት ቋንቋ ተጽፏል። 17ኛው አንቀጽ በአማርኛው ምኒልክ ከሌሎች ነገሥታት ጋር በኢጣልያ አማካይነት መላላክ እንደሚቻላቸው ሲናገር፣ ኢጣልያንኛው በዚሁ መንገድ ለመላላክ እንደተስማሙ ያስመስላል። የክሪስፒ መንግሥትም ይህን ግዴታ አድርጎ ተርጕሞ፣ በአውሮፓ አቆጣጠር ኦክቶበር 11 ቀን 1889 ኢትዮጵያ በጥበቃው ሥር እንደሆነች ለኃያላን መንግሥታት አስታወቀ። ምኒልክ በ1885 ዓ.ም. ውሉን አፈረሱ፤ ዐድዋም በ1888 ተከተለ።

በምኒልክ ከተማ ማተሚያ ባልነበረበት በዚያ ዘመን፣ ውሉ በአውሮፓ አደባባይ የተነበበው ለኢጣልያ ምክር ቤት በቀረቡት «አረንጓዴ መጻሕፍት»ና በመሰሎቻቸው ነው። እንግዲህ ቀዳሚው ኅትመት የአንደኛው ተከራካሪ ቃል ነው፤ ለክርክሩ ምስክር እንጂ ለውሉ ብቻውን ምስክር ሊሆን አይችልም። ስቬን ሩቤንሰን በአውሮፓ አቆጣጠር በ1964 ስለዚሁ አንቀጽ ባሳተመው ጥናት የተጠቀመው፣ ሁለቱን ቃል ጎን ለጎን አድርጎ በመመርመሩ ነው። ኢጣልያንኛውን ብቻ የያዘ ስብስብ ግን፣ የቱንም ያህል ውድ ቢሆን፣ ለተማሪው የሚያወርሰው የሙግቱን ግማሽ ነው።

ከውጫሌ ብዙ ሳይርቅ፣ የሐይቅ እስጢፋኖስ መነኮሳት ሌላ ልማድ ነበራቸው። በአውሮፓ አቆጣጠር በ1280/81 በተጻፈው በአባ ኢየሱስ ሞአ ወንጌል ላይ የገዳሙ መጻሕፍት ዝርዝር ሳይቀር ሰፍሯል። ሰነዱ ከመጽሐፉ፣ መጽሐፉም ከቦታው ሳይለይ ስለኖረ አንዱ ለሌላው ይመሰክራል። (ይህ መነኮሳቱ ለሰብሳቢ ብለው ያደረጉት አይደለም፤ ለንብረታቸው ብለው ነው።) የውሉን ቅጠል ከአረንጓዴው መጽሐፍ ገንጥሎ በመስተዋት ማኖር ተቃራኒው ነው፤ አንቀጹ ግዴታ ሆኖ እንዴት እንደተተረጐመ የሚገልጡት ዙሪያውን ያሉት ደብዳቤዎች ናቸውና።

ቤተ መጻሕፍትም ቢሆኑ በካርዳቸው ላይ «የውጫሌ ውል» ብለው ማለፋቸው አይበቃም፤ በየትኛው ቋንቋ የተጻፈው ቃል፣ በማን ማተሚያ፣ ለማን ቀርቦ እንደታተመ ሊጽፉ ይገባል።