የሙዚቃ አፕ አማርኛ ቻለ የሚባለው መቼ ነው?

እስቲ በስልካችሁ ያለውን የሙዚቃ አፕ ክፈቱና «ፀሐዬ ዮሐንስ» ብላችሁ ፈልጉ። ቀጥሎ «ጸሀዬ ዮሃንስ» ብላችሁ ሞክሩት። ሁለቱ ፍለጋዎች አንድ ዓይነት ውጤት ካላመጡ ችግሩ ያለው እናንተ አጻጻፍ ላይ ሳይሆን አፑ ንድፍ ላይ ነው።

ስፖቲፋይ በ2021 (እ.ኤ.አ.) አማርኛን ከሚያቀርባቸው ቋንቋዎች ጋር ቀላቅሏል። ጥሩ ጅምር ነው። ነገር ግን የአዝራሮችን ስም መተርጎምና አፑን ከተጠቃሚው ባህል ጋር ማስማማት ለየቅል ናቸው። ዐረብኛን ተመልከቱ። ጽሑፉ ከቀኝ ወደ ግራ ስለሚነበብ የአፑ ገጽ እንዳለ ይገለበጣል፤ የማጫወቻዋ ሦስት ማዕዘን ምልክት ግን ባለችበት ትቀራለች። በጉግል የንድፍ መመሪያ መሠረት ምልክቷ የካሴት ክር የሚሄድበትን አቅጣጫ ነው የምታሳየው፤ ከንባብ አቅጣጫ ጋር አይገናኝም። እዚህ ላይ የሆነ ሰው ቁጭ ብሎ እንዳሰበበት ያስታውቃል።

በአማርኛ እንዲህ ሊታሰብበት የሚገባው ቦታ መፈለጊያው ነው። ሀ፣ ሐ እና ኀ በዩኒኮድ የየራሳቸው ቁጥር አላቸው። ድምፃቸው አንድ መሆኑን ኮምፒውተሩ በራሱ አያውቅም፤ ካልነገርነው ሦስት የማይገናኙ ፊደላት ናቸው። እናስላው፦ በዘፋኙ ስም ውስጥ «ፀ» በ2 መንገድ ይጻፋል። «ሐ» ግዕዙና ራብዑ ሲደመሩ በ6፣ ሁለተኛው «ሐ» እንደገና በ6፣ «ስ» ደግሞ በ2። 2×6×6×2 = 144። ሲነበቡ አንድ የሆኑ 144 አጻጻፎች ማለት ነው!

ታዲያ ፊደል ይቀነስ? አይደለም። «ሠረቀ» የፀሐይ መውጣት ነው፣ «ሰረቀ» ደግሞ ሌብነት፤ ልዩነቱ ትርጉም አለው። ስለዚህ ስሙ ስክሪኑ ላይ ባለቤቱ እንደጻፈው ይታይ። ከጀርባ ባለው ማውጫ ውስጥ ብቻ ሞክሼ ፊደላቱ ወደ አንድ ይጠቅለሉ፤ ተጠቃሚው የሚጽፈውም እንዲሁ። ይህ ለፕሮግራመር የጥቂት መስመር ኮድ ሥራ ነው። የአገር ውስጥ አፕ ሠሪዎችም ከዚህ ነፃ አይደሉም፤ እንዲያውም ከማንም በፊት ሊያውቁት የሚገባው እነሱ ነበሩ።

ጉዳዩ ለዘፋኙም እንጀራ ነው። ያልተገኘ ዘፈን አይደመጥም፤ ያልተደመጠ ደግሞ አይከፈልበትም።