የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ምት በደብረ ታቦር ማኅሌት ሚዛን

የአቶ ሙላቱ አስታጥቄ ሥራ ብዙ ጊዜ የሚመሰገነው በቅኝቱ ነው። ትዝታን፣ ባቲን፣ አምባሰልንና አንቺ ሆዬን ከጃዝ አሥራ ሁለት ድምፆች ጋር ሳይጣሉ እንዲኖሩ ማድረጋቸው በእውነት ታላቅ ነገር ነው። ይሁን እንጂ እርሳቸው ከሁሉ በፊት መቺ ናቸው፤ ቫይብራፎኑ በበትር፣ ኮንጋው በእጅ የሚመታ ነውና። ስለ ምታቸው ግን የሚነገረው ጥቂት ነው። እኛም በዚህ አጭር ጽሑፍ ይህንኑ ለመመርመር አስበናል።

አቶ ሙላቱ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1943 ጅማ ተወለዱ። በወጣትነታቸው ወደ ብሪታንያ ተልከው ሙዚቃ ተማሩ፤ ከዚያም ቦስተን ተሻግረው በበርክሊ የሙዚቃ ትምህርት ቤት ከአፍሪካ የመጀመሪያው ተማሪ ሆኑ። በ1966 ኒው ዮርክ ላይ «አፍሮ ላቲን ሶል» የተባሉትን ሁለት ሸክላዎች አሳተሙ። አገራቸው ከገቡ በኋላ ለአምሃ እሸቴ የሸክላ ድርጅት ሥራዎችን እያቀነባበሩ በስቱዲዮ አገለገሉ። በ1972 «ሙላቱ ኦቭ ኢትዮጵያ»፣ በ1974 «ኢትዮ ጃዝ» ወጡ። በ2005 ዜማዎቻቸው «ብሮክን ፍላወርስ» በተባለው ፊልም ሲሰሙ ስማቸው በዓለም ናኘ።

ጅማ የተወለደን ሰው በደብረ ታቦር መመዘን ስለ ምን ቢሉ፥ መንገዱን ያመለከቱን ራሳቸው ናቸው። በ2007 እና በ2008 በሃርቫርድ በነበሩበት ጊዜ በቅዱስ ያሬድ ዜማ ላይ የቆመ ኦፔራ ሲያዘጋጁ ነበር። ያ ዜማ የሚመሰከርበት አገር ደግሞ ደቡብ ጎንደር ነው፤ ድጓው በቤተ ልሔም፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አምባ። ደብረ ታቦርም የታወቀችው በተክሌ አቋቋም ነው። የፎገራው አለቃ ገብረ ሐና የጣናን ማዕበል አይተው ዝማሜውን እንዳወጡት፣ ለልጃቸው ለተክሌም እንዳስተማሩት ይነገራል፤ ስሙም ከዚያ የመጣ ነው።

በማኅሌት ያለው ከበሮ ከሸክላው ከበሮ የሚለየው በሥርዓቱ ነው። ዜማው በቁም ዜማ ሲጀመር ከበሮው ዝም ይላል። በዝማሜ መቋሚያው ወዲያና ወዲህ ሲል አሁንም አይናገርም። በመረግድ ነው ቀስ ብሎ የሚገባው፤ በጽፋት ይፈጥናል፤ በዚህም ላይ እልልታና ጭብጨባ ይጨመርበታል። እንግዲህ ከበሮው ጊዜ ቆጣሪ አይደለም። ጊዜውን የሚይዘው የዘማሪው እስትንፋስና መቋሚያው ሲሆን፣ ከበሮው የተጠራቀመውን ስሜት የሚገልጥ ነው። በደብረ ታቦር ማኅሌት የቆመ ሰው የመጀመሪያዋ ምት ስትወርድ ልቡ የሚደነግጠው፣ ብዙ ስለ ጠበቃት ነው።

ይህን ይዘን ወደ ሸክላዎቹ ስንመለስ አንድ ጉድለት እናገኛለን። «የከርሞ ሰው»ን በመሰሉ ሥራዎች ድራሙ ገና ከመነሻው ቦታውን ይይዛል፤ እስከ መጨረሻውም አይለቅም። ኮንጋውም የላቲን አገር ሰዎችን ልማድ ይከተላል። ስለዚህ ዜማው አገሩ ሲገባ ምቱ ኒው ዮርክ ቀርቷል ማለት ይቻላል።

በዚህ ላይ የሚቃወመን አይጠፋም። በደብረ ታቦር ሠርግ ላይስ ከበሮው ከመነሻው እየመታ እስክስታውን ይመራ የለምን? እውነት ነው፤ ሳያቋርጡ መምታት ብቻውን ጥፋት አይደለም። ነገር ግን ያሬድን ምንጬ ያለ ሰው የያሬድን ድምፆች ብቻ ወስዶ ዝምታውን ቢተው፣ የወሰደው ግማሹን ነው።

ፍርዳችን ግን በዚህ ቢያበቃ በደል ይሆናል። ድራሙን ትተን የአቶ ሙላቱን የራሳቸውን እጅ ብናዳምጥ ሌላ ነገር እንሰማለን። በቫይብራፎኑ ላይ ጥቂት ይመታሉ፤ የመቱትም ድምፅ እስኪጠፋ ይጠብቃሉ፤ ሌላው ሲሮጥ እርሳቸው ይዘገያሉ። በእኛ አስተያየት የመረግድ ትዕግሥት ያለው እዚህ ነው። ጓዳቸው ያልተማረውን እጃቸው ያውቀዋል። በ2013 በወጣው «ስኬችስ ኦቭ ኢትዮጵያ» ክራር፣ መሰንቆና ዋሽንት ከጃዙ መሣሪያ ጋር መቀመጣቸውም ፍለጋው እንዳላቆመ ያሳያል።

ነገሩ የአንድ ሰው ምስጋና ወይም ነቀፋ ብቻ አይደለም። ዛሬ ኢትዮ ጃዝ የሚጫወት ወጣት ቅኝቱን ከሸክላ ይማራል፤ ምቱንም አብሮ ይቀዳል፤ ሁለቱንም የኢትዮጵያ ነው ብሎ ያምናል። የአቋቋም መምህሩ ግን ከእርሱ ብዙ ሳይርቅ፣ ቁራሽ ለምነው ለሚማሩ ደቀ መዛሙርት ከበሮው መቼ ዝም እንደሚል ያስተምራል። የሙዚቃ ተማሪዎች አንድ ክረምት እንኳ ደብረ ታቦር ወርደው ከዚያ መምህር እግር ሥር ቢቀመጡ፣ አቶ ሙላቱ የጀመሩት ሥራ ሌላው ግማሹ ይገኝ ነበር ብለን እናምናለን።